ሁለት ቁጥር የጻፍሁበት ክረምት

ሰኔ 12 ቀን 1998፣ ሰኞ

ሥራ ጀመርሁ። ክሊኒኩ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ የሳንባ ሕመምተኛ ብቻ ይቀበላል። ኃላፊው ዶክተር አብዱራህማን ራሳቸው ግቢውን አዞሩኝ። ቶሎ ቶሎ ነው የሚሄዱት፤ ከኋላ ከኋላ ሮጥሁ።

የተቀጠርሁበት ጉዳይ ግልጽ ነው። የራጅ ፊልም በስካነር ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ከዚያ አይኤስዲኤን በሚባለው የስልክ መስመር አዲስ አበባ ላሉት የራጅ ሐኪም ይላካል፤ እሳቸው በዚያው ቀን አይተው ይመልሳሉ። እስከ ዛሬ ፊልሙ በፖስታ ታሽጎ በአውቶቡስ ዓባይን ሲሻገር ነው የኖረው። መልሱ በአሥር ቀን ከመጣ ፈጠነ ይባላል።

ኮምፒዩተሩ ሊኑክስ የሚባል ማስኬጃ ፕሮግራም ተጭኖበታል። መስመሩ ተዘርግቷል። የቀረው ኮምፒዩተሩን ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘውን ካርድ ማስገባትና ማስተካከል ነው።

«ከዚህ በፊት እንደሠራሽው ነው አይደል?» አሉኝ ዶክተር።

አዎ አልሁ። የካርዱን የመመሪያ መጽሐፍ ቤት ይዤው መጣሁ።

ሰኔ 14

ካርዱ ገባ። ሊኑክስ አወቀው። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ደስ አለኝ።

ማስተካከያው ፋይል ላይ የሚሞላው ጥቂት ነገር ነው፤ የካርዱ ዓይነት፣ የራሳችን ቁጥር፣ የምንደውልበት ቁጥር፣ ፕሮቶኮል። ፕሮቶኮል የሚሉት ካርዱና ኤክስቼንጅ የሚባለው የከተማው የስልክ ማገናኛ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ነው፤ ማን ደወለ፣ ወዴት ደወለ የሚባባሉበት። ፕሮቶኮሎቹ የሚለዩት በቁጥር ነው። መጽሐፉ ምሳሌውን ሁሉ የሚሠራው በ2 ነው፤ ይኸ የአውሮፓ አገሮች የተስማሙበት ነው። 1 የድሮ ነው፤ አንዳንድ አገር ለብቻው ያወጣው። ለእሱ የሰጠው አንድ ገጽ ብቻ ነው።

2 ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ደወልሁ። መልስ የለም።

ሰኔ 16፣ አርብ

አቶ ታረቀኝ የሚባሉ ሰው መጡ። የክሊኒኩን የስልክና የመብራት ሽቦ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ በኮንትራት። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ነው እዚህ የገቡት። የመሞከሪያ ስልካቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ።

ሽቦው ላይ ሰክተው ብዙ አዳመጡ። «መስመሩ ደኅና ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ አሉ።

«ይች የኛዋ ኤክስቼንጅ አሮጌ ናት ልጄ። የመጣችበትን አገር ሥርዓት ይዛ ነው የመጣች። እኛ የራስ ቁጥር ብለን የምንሰጣት አንድ አኃዝ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻዋን። አንቺ ስንት ሰጠሻት?»

«ሙሉውን።»

«እስቲ መጽሐፍሽን ጠይቂው።»

እሺ አልሁ። ነርሷ ሲስተር ማሬ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ ግቢ ነው የተከራየነው፤ ማታ «መጽሐፍሽ ምን አለሽ?» ብላ ሳቀች። ለጨዋታ ነው። ግን አልወደድሁትም። ጡረታ የወጣ ሰው የሚያውቀው የድሮውን ነው፤ ይኸኛው ሌላ ነገር ነው።

ሰኔ 21

እንደ ትናንቱ። እንደ ከትናንት ወዲያው። መብራቷ ትበራለች፣ እደውላለሁ፣ ዝም።

ኮምፒዩተሩ ያደረገውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። እሱ ላይ «የማይታወቅ መልእክት» የሚል መስመር ይደጋገማል። ከኤክስቼንጁ የመጣ ነገር ነው፤ ካርዱ አልተረዳውም። ዝናቡ ኬብሉ ውስጥ ገብቶ ድምፅ እያበላሸ ይሆናል። ውኃ የገባበት መጋጠሚያ እንዲህ እንደሚያደርግ አንብቤያለሁ።

ስለ 1 ያለውን ገጽ አየሁት። ገጹ አጭር ነው። ለማን እንደሚሆን በትክክል አይናገርም።

ሰኔ 26፣ ሰኞ

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል። ዶክተር «ሥራነሽ፣ የት ደረስሽ?» አሉኝ። በሁሉም ፊት።

«በእኔ በኩል ያለው አልቋል» አልሁ። «መስመሩ ነው የሚያስቸግረው።»

አቶ ታረቀኝ ወደ እኔ ቀና አሉ፤ ከዚያ ወደ ጫማቸው። ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። «መጋጠሚያዎቹን ሁሉ እከፍታቸዋለሁ» አሉና ተቀመጡ።

በእኔ በኩል ያለው እኮ አልቋል። ሁሉንም እንደ መጽሐፉ ነው የሞላሁት።

ሐምሌ 3

አንዲት ሴት ከመርጡለ ማርያም መጣች። ወለተ ሰንበት ትባላለች፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ደም ታስላለች። አምስት ወር የሆነው ልጅ ታጠባለች። ባሏ አምሳሉ ከእኅቱ ጋር ይዟት ነው የመጣው።

ሲስተር ማሬ እንደ ነገረችኝ አክታዋ ሦስቴ ተመርምሮ ንጹሕ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ክብ ጥላ አለ። ባለፈው ዓመት የአምሳሉ ወንድም መድኃኒት በተላመደው ቲቢ ነው የሞተ፤ አንድ ቤት ነበሩ። ስለዚህ ዶክተር የራጁ ሐኪም አይተው እስኪመልሱ ድረስ ለብቻዋ ትቀመጥ አሉ። ልጁን አክስቱ ወሰደችው። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተዋል።

የሕፃኑ ለቅሶ እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ፊልሙ ነገ በአውቶቡስ ይሄዳል።

ሐምሌ 6

በችኮላ ልጻፍ። አቶ ታረቀኝ የስልክ እንጨት ላይ ነበሩ፤ በዝናብ። አንሸራተታቸው። ጉልበታቸው አብጧል። ሲስተር ማሬ አሰረችላቸው። ወድቀውም የጠየቁት «ከታች ያለውን ሳጥን ከደናችሁት ወይ?» ብለው ነው።

ሐምሌ 9

መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ተከፍተው ደርቀው ታስረዋል። እንደገና ደወልሁ። ያው ነው።

አቶ ታረቀኝ እያነከሱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የሆነ ነገር ሊሉኝ ይመስላል። እኔ ከኮምፒዩተሩ ቀና አላልሁም። ትንሽ ቆመው ሄዱ።

ሐምሌ 12

ዓባይ በረሃ ውስጥ መሬት ተንዶ መንገዱ ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። የወለተ ሰንበት ፊልም ደጀን ቆሟል።

ሐምሌ 17፣ ሰኞ

ክሊኒኩን በገንዘብ የሚረዱት ሰዎች ከአዲስ አበባ ደውለው መስመሩ ለምን ሥራ እንዳልጀመረ በጽሑፍ እንድናስረዳ ጠይቀዋል። ዶክተር «አንቺ ጻፊው፣ እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ።

አራት ጊዜ ጻፍሁት። መጀመሪያ «ምክንያቱ ገና አልታወቀም» ብዬ ነበር። ይኸ ግን ሥራውን የማታውቅ ሰው የጻፈችው ይመስላል። በመጨረሻ እንዲህ አልሁ፤ «የኮምፒዩተሩ ዝግጅት ተሟልቷል። ችግሩ የመጣው በግቢው የውስጥ መስመር ጥገና ጉድለት ነው።» የማንንም ስም አልጠራሁም። ስም የለበትም።

ዶክተር ቆመው አንብበው ፈረሙ።

ሐምሌ 20

እናቴ ከጉንደ ወይን ደወለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅሽ ከአዲስ አበባ ጋር በኮምፒዩተር የምትነጋገር ሆነች ወይ?» እያለ ይጠይቃታል። «ሆነች አልኋቸው» አለችኝ። ምን ልበላት።

ለቃለ መጠይቁ ስመጣ ሁለት ቦታ እንዲህ ያለ መስመር አስተካክያለሁ ብዬ ነበር። ሁሉም ሰው ትንሽ ይጨምራል። ኮሌጅ እያለን መምህሩ ካርዱን በሥዕል አሳይቶናል። ሥዕሉን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ሐምሌ 25

የመጀመሪያው ፊልም አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ውኃ ገብቶበት ተጣብቋል፣ አይነበብም አሉ። ሌላ ፊልም ተነሣ። ነገ ይሄዳል፤ መንገዱ ከተከፈተ።

ሐምሌ 30

የአቶ ታረቀኝ ኮንትራት በሐምሌ መጨረሻ ያልቅ ነበር። አልታደሰም። ዶክተር ለሲስተር ማሬ ሲነግሯት ሰማሁ፤ «ከአዲስ አበባ ናቸው፤ ደብዳቤውን አንብበው የመስመሩን ሰው ለውጡ ያሉኝ።»

አቶ ታረቀኝ መጥተው ቁልፍ አስረከቡኝ። የግቢውን ሽቦ ሁሉ በወረቀት ስለውልኝ ነበር፤ እያንዳንዷ መጋጠሚያ ቁጥር አላት፣ ቀለሟ ተጽፏል። የትኛዋ ሳጥን ላይ ንብ እንደምትገባ እንኳ ጽፈዋል።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አልሁ።

«ይታጠፋል» አሉ።

በጋሪ ሄዱ። እኔ ስም አልጻፍሁም። ደብዳቤው የመስመር ነገር ነው።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ሲስተር ማሬ ከቅዳሴ መልስ ነው የምትበላው፤ ግቢው ጸጥ ብሏል።

ዛሬ ከከተማ በአዲስ የተቀጠረ የመስመር ሠራተኛ መጥቶ ለካ። ንጹሕ ነው አለ። «ጥሩ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ማን ነው የሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። የድሮ ሰው ነው አልሁት።

ምናልባት የለካው ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ስለ ሆነ ነው።

ነሐሴ 9

በወለተ ሰንበት መስኮት በኩል አለፍሁ። ጡቷን በጣሳ እያለበች ነበር። ስትጨርስ ተነሥታ በመስኮቱ በኩል ሣሩ ላይ ደፋችው። አየችኝ። አላፈረችም። «ሲሞላ ያመኛል» አለችኝ። «ደግሞ ካላወጣሁት ይደርቃል አሉኝ፤ ስመለስ የሚጠባው ያጣል።»

«መልሱ ይደርሳል» አልኋት።

«በዚያ በስልኩ ነው አሉ የሚመጣ።»

«አዎ።»

«አንቺ ነሽ አሉኝ የምትሠሪው» አለች፤ ጣሳውን እያጠበች። «እግዜር ይስጥሽ።»

ምሳ አልበላሁም። ጾሙን ምክንያት አደረግሁት።

ነሐሴ 12

ሲስተር ማሬ ወጥ እያማሰለች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ያች የመርጡለ ማርያሟ ደረቀባት» አለች።

ማማሰያዋን አራግፋ ድስቱን ከደነች።

ነሐሴ 13፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፍ።

ጠዋት ማንም በሌለበት ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። መዝገቡን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ከሰኔ 14 ጀምሬ አነበብሁት። እያንዳንዱን መስመር። እስከ ዛሬ እንዲህ አላነበብሁትም፤ ጫፍ ጫፉን እያየሁ ነበር የማልፈው።

ኤክስቼንጁ መልስ ሲሰጠን ነበር። ከመጀመሪያው ቀን። በደወልሁ ቁጥር አንድ መልእክት ይመጣል፤ ካርዱ የመልእክቱን የመጀመሪያ ምልክት አያውቀውምና «የማይታወቅ» ብሎ ይጥለዋል። ያ ምልክት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ውኃ የገባበት ሽቦ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ በየጊዜው ይለያይ ነበር። ይኸ ግን አንድም ቀን አልተለወጠም። መጽሐፉን ከፍቼ ያን አጭር ገጽ አወጣሁ። ምልክቱ እዚያ አለ። በድሮው ሥርዓት መልእክት ሁሉ በዚያ ምልክት ይጀምራል። ከሥሩ ደግሞ «በዚህ ሥርዓት የራስ ቁጥር አንድ አኃዝ ብቻ ነው» ይላል።

ይኸን ገጽ በሰኔ አይቼዋለሁ። ገጹ ጥግ ላይ የእኔ ጣት የነካው የሻይ ነጠብጣብ አለ።

2ን አጥፍቼ 1 ጻፍሁ። ከስልክ ቁጥራችን የመጨረሻውን አኃዝ ብቻ ተውሁ። ደወልሁ። አራት ሰከንድ አልሞላም። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ደስታ የሚባለው አልመጣልኝም። ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጥሁ መዝገቡን ወደ ላይ መልሼ ቆጠርሁ። «የማይታወቅ መልእክት» ሦስት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ።

ነሐሴ 15፣ ሰኞ

የወለተ ሰንበት ሁለተኛ ፊልም በአውቶቡስ እንደ ሄደ እስከ ዛሬ መልስ የለውም። በጠዋት ሦስተኛ ፊልም ተነሥቶ ላክሁት። ለመሄድ አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀበት። በዘጠኝ ሰዓት መልስ መጣ።

ቲቢ አይደለም። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ከውሻና ከበግ የሚመጣ። በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

አይተላለፍም።

ዶክተር ወረቀቱን ይዘው በዝናብ ሮጡ። ልጁን በአሥር ሰዓት አመጡላት። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ልጁ አያትና ፊቱን ወደ አክስቱ አንገት አዞረ። ወለተ ሰንበት እጇን ወዲያው አላጠፈችም። እንደ ዘረጋች ቆየች።

ስድስት ሳምንት ነው።

ሠራተኛው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ዶክተር «ምን ነበረ?» ሲሉኝ «ተስተካከለ» አልሁ። ሌላ ሰው ጠራቸውና ሄዱ።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ሲስተር ማሬ ዶሮ ሠርታለች። ደጋግሜ ጎረስሁ፤ አይጣፍጠኝም። ነገ እናገራለሁ።

ነሐሴ 17

ዶክተር ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ላይ ነበሩ።

ነሐሴ 18

መድኃኒት ቤቱ ጋ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሽማግሌው በሄዱ በአሥራ ሦስት ቀን ሠራ፤ አየህ?»

«እኔማ ሰው ክፉ አላስብም፤ ግን ሆን ብለው ይሆን?»

ሆን ብለው። ቆሜ ሰማሁ፤ አለፍሁ። እሳቸውን ስበድል እንግዲህ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን በደብዳቤ ነበር የጻፍሁት፤ ይኸን ግን ያለ ወረቀት።

ነሐሴ 21፣ እሑድ

ወደ አቶ ታረቀኝ ቤት ሄድሁ። ከመናኸሪያው በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። መንገዱን ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም ያውቋቸዋል፤ የሦስቱንም ስልክ እሳቸው ናቸው ያስገቡላቸው።

እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ራዲዮ ፈተው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሪቱ ማን እንደሆንሁ ስነግራት አልተነሣችም።

«ይሠራል አሉ» አሉኝ አቶ ታረቀኝ።

«ይሠራል።»

«ኤክስቼንጇን አንድ ሰጠሻት?»

«አንድ ሰጠኋት።»

«የራስ ቁጥርስ?»

«የመጨረሻውን አኃዝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ራዲዮውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስለ ደብዳቤው፣ ሥራውን ከዚህ በፊት ሠርቼው እንደማላውቅ፣ ሰዎቹ የሚያወሩትን። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ወይዘሮ ዘሪቱ ከማድቤት በር ላይ «የወደቁትንስ?» አለች። «እሱን አልቆጠርሽውም። በዝናብ ጤነኛ ሽቦ ሲፈቱ የወደቁትን።»

«ተይ ዘሪቱ» አሉ።

«ምን ልተይ። ሌሊት ጉልበትዎን ይዘው ሲቃትቱ የምሰማው እኔ ነኝ።»

እሷ ትክክል ናት።

«ለምን ሁለተኛ አልነገሩኝም?» አልኋቸው። ይኸን ስጠይቅ ጥፋቱን ለማካፈል የፈለግሁ መሰለኝ፤ ግን ጠየቅሁ።

«አንዴ ስነግርሽ ፊትሽ ጠቆረ። ሰው ፊት ደግሜ ላሳፍርሽ አልወደድሁም። በራሷ ትደርስበታለች አልሁ። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ያችን የምታጠባ እናት አላሰብኋትም።» ከዚያ፣ «ደግሞ ለዶክተሩ ቃሌን ሰጥቼ ነበር» አሉ።

«ምን ቃል?»

«በሰኔ መጨረሻ ጠራኝ። ይች ልጅ ሥራውን ታውቀዋለች ወይ፣ ሌላ ሰው ላምጣ ወይ አለኝ። ታውቀዋለች፣ ጊዜ ስጣት አልሁት።»

«እንደማላውቀው እያዩ?»

«እኔም ስጀምር አላውቀውም ነበር» አሉና ራዲዮውን መልሰው አነሡ።

ወጥቼ እስከ መናኸሪያው እንዴት እንደ ደረስሁ አላስታውስም። በሰኔ መጨረሻ ማለት እኔ በስብሰባው «መስመሩ ነው» ያልሁበት ሳምንት ነው። ሰኞ እኔ እሳቸውን፣ በዚያው ሳምንት እሳቸው እኔን።

ነሐሴ 22፣ ሰኞ

ከስብሰባው በፊት ዶክተር ቢሮ ገባሁ። በሩን ዘጋሁት።

«ዶክተር፣ መስመሩ ጤነኛ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዴት?»

«ፕሮቶኮሉን ተሳስቼ ነው። 2 ጻፍሁ፤ 1 መሆን ነበረበት። አቶ ታረቀኝ በሰኔ ነግረውኛል። አልሰማኋቸውም። ደብዳቤውን ደግሞ ሳላጣራ ጻፍሁት።»

«ሁለት ቦታ ሠርቻለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አልሠራሁም።»

ከውጭ ሰዎች ለስብሰባው ወንበር ሲጎትቱ ይሰማ ነበር። «ስንት ቀን ነው?» አሉ።

«ሃምሳ ዘጠኝ።»

«ወለተ ሰንበትስ?»

«አርባ ሁለት።»

መነጽራቸውን በልብሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ያን ደብዳቤ የፈረምሁት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቆሜ ነው ያነበብሁት። ያን ሰው ሳልጠይቀው።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ላባርርሽ እችላለሁ። ካባረርሁሽ ነገ ፊልሙን የሚልክልኝ የለም። ምሕረት እንዳይመስልሽ። ነይና ለሠራተኛው አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው። አዲስ አበባም ሌላ ደብዳቤ ይሄዳል፤ አሁንም የምትጽፊው አንቺ ነሽ። በዚህኛው ስም ይኑርበት።»

ስብሰባው ላይ ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲስተር ማሬ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ነሐሴ 24

ወለተ ሰንበት ለቀዶ ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ልጁን አክስቱ ይዛ አብራ ሄዳለች።

ሲስተር ማሬ ማታ ሳህን አቀረበችልኝ። «እኔ እኮ ነኝ መጽሐፍሽ ምን አለሽ ብዬ የሳቅሁብሽ» አለች። ያ ምክንያት አይሆንም አልኋት። አይሆንም አለች እሷም። በላን።

ነሐሴ 29፣ ሰኞ

ደብዳቤው ተላከ። አንድ ቅጅ ለአቶ ታረቀኝ፣ ዶክተር ራሳቸው ይዘውላቸው ሄዱ። ወደ ሥራ እንዲመለሱ ለመኗቸው። አልተቀበሉም። «ይኸ ጉልበት ከእንግዲህ የስልክ እንጨት አይወጣም» አሏቸው። ደብዳቤውን ግን ወይዘሮ ዘሪቱ ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው አሉኝ።

አስመልሳቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ስናገር ሁሉም ወደ ነበረበት የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

ጳጉሜን 3

ዝናቡ ቀንሷል። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ግን እንዳለ ነው። ከዶክተር ጋር የምንነጋገረው ስለ ሥራ ብቻ ነው። ቀድሞ «እንዴት አደርሽ ሥራነሽ» ይሉኝ ነበር፤ አሁን «እንዴት አደርሽ» ይላሉ።

መስከረም 15 ቀን 1999፣ ሰኞ

ወለተ ሰንበት ከአዲስ አበባ ስትመለስ ለምርመራ ወደ እኛ ጎራ አለች። ከስታለች። ፊቷ ግን ተመልሷል። አምሳሉ መናኸሪያ የመርጡለ ማርያም መኪና እየጠበቀ ነበር። ልጁ ጭኗ ላይ ተቀምጧል፤ የላም ወተት በጡጦ ይጠባል። አክስቱ ስትነሣ በዓይኑ ይከተላታል።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። አንድም ሰው ንገሪያት አላለኝም።

«ፊልምሽ የዘገየው በእኔ ነው» አልኋት። «ማሽኑ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ጻፍሁ። የሚያውቅ ሰው ነግሮኝ አልሰማሁም። እሱን ብሰማ ኖሮ በመጣሽበት ቀን መልሱ ይደርስሽ ነበር። ልጁን አይወስዱብሽም ነበር።»

ጡጦውን ከልጁ አፍ ላይ አስተካከለች። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ደግሜ ልነግራት ስል፣

«በአንድ ቁጥር?» አለች።

«በአንድ ቁጥር።»

የልጁን ራስ እያየች ቆየች። «ማታ ማታ እሷን ነው የሚፈልገው» አለች። «አክስቱን። እኔ ስይዘው ያለቅሳል። ይለምድሻል ይሉኛል።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል አፌ ላይ ይዤው ነበር፤ በዚያች ሰዓት እሷን ሳይሆን እኔን የሚያሳርፍ ቃል መስሎ ታየኝ። ቆይቼ ግን አልኋት።

አምሳሉ ከመናኸሪያው ተመልሶ ከበሩ ላይ ጠራት። ልጁን አቅፋ ተነሣች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች።

«አሁን ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ከራጅ ክፍሉ በር ፊት አግዳሚው ላይ ወደ ተቀመጡት ሰዎች በአገጯ አመለከተችኝ። አንዲት አሮጊትና ሁለት ጎልማሶች ነበሩ።

«እንግዲያ እነዚህን አታስቆዪያቸው» አለችኝና ሄደች።

ገባሁ። ሦስት ፊልም ነበር። ሦስቱንም ከምሳ በፊት ላክሁ።